የደላላው የጎን ሥራ

ሰኔ 3 ቀን 2014፣ አሶሳ

ሚስቴ ትዕግሥት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሽፋኑ ላይ «አንለይ» ብላ ስሜን የጻፈችበት ባዶ ደብተር ይዛልኝ መጣች። «የሚያናድድህን እዚህ ጻፈው፤ እኔ ላይ አትጩህ» አለችኝ። ትናንት ስለጮኽኩባት ነው። ጩኸት ብቻም አልነበረም፤ የሻይ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ወርውሬው ስባሪው ቁርጭምጭሚቷን ጫረው። ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዝም አለች። ዝምታዋ ይበልጥ አናደደኝ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቤት አላሻሻጥኩም፣ አንድ ክፍል አላከራየሁም። የአዲስ አበባው መንገድ በተኩስ ከተዘጋ ወዲህ ወደ ከተማው የሚገባ ሰው የለም። የሚወጣውም በሩን ቆልፎ ይሄዳል እንጂ አይሸጥም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ስምንት ደላሎች አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንውላለን። አንድ ደንበኛ ብቅ ሲል ስምንታችንም እንነሳለን። ዛሬ ከመካከላችን ወንደሰን የአንዱን ሽማግሌ ኮት ይዞ ሲጎትት እጅጌውን ገነጠለው። ሽማግሌው «ሰው ናችሁ ጅብ?» ብለውን ሄዱ።

ከነገ ጀምሮ እስከ ቀትር ባጃጅ ልነዳ ነው። ባጃጇ የሀጃ ማሪያም ናት። የበርታ ተወላጅ ናቸው፣ አማርኛ ያዳግታቸዋል፤ ባላቸው ሲሞቱ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ወደ ድለላዬ እመለሳለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ፈንታው ነው፤ ስነግረው ሳቀብኝ። «ደላላ ተቀምጦ ነው የሚያገኘው፤ የሚሮጥ ደላላ ሌባ ይመስላል» አለኝ።


ሰኔ 9

ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነኝ። ከፊቴ ሃያ ስምንት ባጃጅ አለ።

ጋሽ ፈንታው ተሳስቷል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በማንጎው ሥር በዓመት ያልሰማሁትን ሰማሁ። ሰው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ሲያነሳ ሹፌሩ ጆሮ ያለው አይመስለውም። ማን ወደ አዲስ አበባ እንደተዛወረ፣ ማን ከባሏ እንደተጣላች፣ ማን ቤቱን ለመሸጥ ወንድሙን እየለመነ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው ሰፈር ውሃ በአራት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ የትኛው መንገድ በአንድ ዝናብ እንደሚቆረጥ ጎማዬ ነግሮኛል።

ትናንት ከአውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ልጅ አመጣሁ። ሃኒ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር ተቀጥራ የመጣች። ሆቴል ስትጠይቀኝ ቤት አሳየኋት። የመጀመሪያውን ግቢ ልትይዘው ስትል «ተዪው፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው አልጋሽ ሥር ይደርሳል» አልኳት። ሁለተኛውን ወደደችው፤ በዚያው ቀን ቁልፍ ተቀበለች። ድሮ ብሆን የመጀመሪያውን እሰጣት ነበር። ውሃው እንደሚገባም አላውቅም ነበር።

ደላላ ሁሉ የጎን ሥራ ቢኖረው ጥሩ ነው። የሚበላው ያለው ሰው አይዋሽም። ይህን ለትዕግሥት ስነግራት «እስቲ እናያለን» አለች።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።


ሰኔ 15

ጠዋት ከከተማው መግቢያ ላይ አንድ ወታደር እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። አንድ አይሱዙ መንገድ ላይ ተተኩሶበት መጥቷል። መስታወቱ ረግፏል፤ ሹፌሩ መሪው ላይ እንደተደፋ ነው መኪናው የቆመው። ሁለት ቁስለኛ ጫኑብኝ። አንደኛው አገጩ የለም። በሁለት እጁ የቀረውን ይዞ በዓይኑ ያየኛል፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ሆዷን ይዛ በጉሙዝኛ ይሁን በሺናሽኛ አንድ ቃል ትደጋግማለች። ሆስፒታል ስደርስ ቃሉ ቆሞ ነበር።

መቀመጫውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሳሳይ ዓይኑን ከእጅጌዬ ላይ አልነቀለም። «የዶሮ ነው» አልኩት። ቤቱን አልያዘም።

ማታ ትዕግሥት ምን ሆንክ ስትለኝ ምንም አልኳት።


ሰኔ 22

አዲስ ደንበኛ። አሳምነው ይባላል፤ አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ እህል ነጋዴ ነው። ቤተሰቡ ከመተከል በኩል፣ ከደጋው ጫፍ የመጣ ነው። ጢሙ እስከ ደረቱ ወርዷል፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው። በየጠዋቱ ኮንትራት ይይዘኛል፤ ከቤቱ ገበያው ጀርባ እስካለው መጋዘኑ።

መጋዘኑ ጎን አረንጓዴ በር ያለው የተዘጋ ግቢ አለ። ሁለት ክፍልና ሰርቪስ፣ ሰፊ ጓሮ። ዛሬ ሲወርድ በጣቱ አሳየኝና መጋዘኑን ማስፋት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ባለቤቱ ብቅ ያለ ቀን ከማንም በፊት ለእሱ እንድነግረው ፈለገ። የድለላህን ነገር አታስብ አለኝ።

ጋሽ ፈንታውን ስለ ቤቱ ጠየቅኩት። ጥርሱን መፋቅ አቆመና ፊቴን አየ።

«የፈየራ ቤት ነው። አንለይ፣ እሱን ቤት ተወው።»

ገዢ አለኝ ስለው ገዢው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«አሳምነው ቤት አይደለም የሚፈልገው» ብሎ መፋቂያውን ጥሎ ተነሳ።

ቅናት ነው። ባጃጅ ከያዝኩ ጀምሮ ፊቱ ጥሩ አይደለም።


ሐምሌ 1

ሁለት ሴቶች ከገበያ ይዤ ስሄድ ስለ አሳምነው ያወራሉ። የዛሬ አራት ዓመት ታናሽ ወንድሙን አይሱዙ ገጭቶ ገደለው፣ ገበያው በር ላይ። ሹፌሩ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ጨርሶ ወጣ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከ፤ አሳምነው ሦስት ጊዜ በሩን ዘጋባቸው። ጢሙንም ደሙን ሳይመልስ ላይላጭ ምሏል። አንደኛዋ ሴት «የእናትየው ልቅሶ እኮ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ዛሬም ማታ ማታ ይሰማል» አለች።

የሹፌሩን ስም አልጠሩም። እኔም አልጠየቅኩም። አሶሳ ውስጥ የአይሱዙ ሹፌር ስንት ነው።

ነገ የአረፋ በዓል ስለሆነ ሀጃ ማሪያም ባጃጇን እንዳላወጣት ነግረውኛል። አርፋለሁ።


ሐምሌ 5

እጄ ስላበጠ ጽሑፉ አያምርም።

ወንደሰን ደንበኞቼን በጆሮህ እየሰረቅክ ነው ብሎ ማንጎው ሥር አንገቴን ያዘኝ። መጀመሪያ በቡጢ አፌን መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእሱ ነው። ከዚያ ከባጃጇ መቀመጫ ሥር የክሪኩን፣ የጎማ ማንሻውን፣ ብረት አወጣሁ። አንዴ ክንዱን መታሁት፤ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ለምን እንደመታሁት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ነው። ሰዎች ሦስት ይላሉ።

ጋሽ ፈንታው ከኋላ አቅፎ ያዘኝ። ጆሮዬ ላይ «በቃ፣ በቃ፣ ልጄ በቃ» ይለኛል። ብረቱን እጄ ላይ ማላቀቅ አቅቶት ነበር።

ቀበሌ ታረቅን። የማሳከሚያውን እችላለሁ። ትዕግሥት ከንፈሬን በጨው ውሃ እያጠበች ብረቱን የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ። እዚያው መቀመጫው ሥር ነው አልኳት። እጇን አንስታ ሄደች።


ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

ከባምባሲ ሚኒባስ የወረደ ሰው፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ባጃጄ ውስጥ ገባ። የት ልሂድ ስለው ዝም ብለህ ንዳ አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ የታመነ ደላላ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ራሴ ነኝ ስለው ሳቀ፤ የሚያምር ሳቅ አለው። የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ነበር፤ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ።

ፈየራ ነው። ባለ አረንጓዴው በር።

ቤቱን ሸጦ ጠቅልሎ መሄድ ይፈልጋል። ሚስቱና ልጁ ባምባሲ ናቸው፤ ልጅቷ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። አሁን መኪና አይነዳም፤ መሪ ሲይዝ እጁ ይዝልበታል። ግማሽ ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ፤ ሰው ያላወራ ሰው ይመስላል። ከመውረዱ በፊት ግን ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«እዚህ ከተማ ውስጥ በእኔ ምክንያት የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። መምጣቴን ለማንም አትንገር። የማያውቀኝ ሰው ፈልግልኝና ቅዳሜ ካርታውን ይዤ እመጣለሁ።»

እሺ አልኩት። በቆሎው ጥሩ ነበር።


ሐምሌ 14

የማያውቀው ገዢ ከየት ይመጣል? መንገድ ተዘግቷል። የወንደሰን ክንድ ገና ጀሶ ላይ ነው። የቤት ኪራያችንን ጠይቀውናል።

ዛሬ ጠዋት ለአሳምነው ነገርኩት። ባለቤቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል አልኩት። ስም አልጠራሁም። እሱም ስም አልጠየቀኝም። ሲወርድ «እግዜር ይስጥህ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሮ። ስም አለመጠየቁ

ቤንዚን መጥቷል ተባለ፤ ልሂድ።


ሐምሌ 16

ፈየራ ተመታ። አልችልም።


ሐምሌ 17፣ እሑድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ፈየራን ከሚኒባስ ተቀብዬ ወደ ቤቱ ወሰድኩት። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ከባጃጇ ዘይት አምጥቼ አንጠባጠብንበት። በሩ ሲከፈት ፈየራ ሳቀ፤ ጓሮው ውስጥ ማንም ሳይተክላት አንዲት ፓፓያ በቅላ አፍርታለች። ለልጄ እወስድላታለሁ ብሎ ፍሬውን በእጁ መዘነ።

አሳምነው በሩ ላይ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ጆንያ ይዟል። «ገዢው እሳቸው ናቸው» አልኩ። ይህን ማለቴ ትዝ ይለኛል። የዘወትር ድምፄ ነበር።

ፈየራ ወዲያው አወቀው። ፓፓያውን ለቀቀና ሁለት እጁን ከፍ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ልጁ ድንገት ነው የገባብኝ። ፍርዴን ጨርሻለሁ። ከፈለግክ እግርህ ላይ እወድቃለሁ።»

አሳምነው ጆንያውን ፈታው፤ ውስጡ ገጀራ ነበር። የመጀመሪያው ግራ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ፈየራ በእጁ ሊይዘው ሞከረ፤ ሁለት ጣቱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ነጭ ነገር አየሁ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። ፈየራ አልጮኸም። እስካሁን የማይገባኝ እሱ ነው፤ አልጮኸም።

እኔ ሮጥኩ። ባጃጇን አስነስቼ ፖሊስ ልጠራ ነዳሁ። ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስመለስ ፈየራ ከበሩ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ ወድቋል። አንገቱ ላይ ተመቷል። አሳምነው ጎኑ ተቀምጦ ገጀራውን በሣር ይጠርጋል። ሲያየን ተነስቶ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

ፈየራን ባጃጇ ላይ ጫንነው። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር።

ያደረግኩት ይኸው ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው ገጀራ ፊት ምን ያደርጋል? ፖሊስ ነው የሚጠራው።


ሐምሌ 18

ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ቤቱን ለአሳምነው እንዳሳይ ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። ደላላ ነኝ፣ ሥራዬ ሻጭና ገዢ ማገናኘት ነው አልኩት። ጻፈው። ፈርሜ ወጣሁ። ስወጣ በተከፈተው በር አሳምነውን አየሁት። ምላጭ ለምኖ ተሰጥቶታል መሰለኝ፣ ጢሙ የለም። አገጩ እንደ ሕፃን ነጭ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ እንደ ባለውለታው።




ሐምሌ 20

ሀጃ ማሪያም ባጃጇን እንዳመጣላቸው አስጠሩኝ። መቀመጫውን አጥቤዋለሁ። ወለሉንም አጥቤዋለሁ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የዞሩት። ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ የዕቃ ማሰሪያው ብረት ላይ ደርቋል። በጣታቸው ነኩት።

«አንለይ፣ ይሄ ደም ከኋላ ነው። ሰውዬ ከውስጥ ከተኛ ደም ከውስጥ ነው። ይሄ እጅ ነው። ሰውዬ ከኋላ ይዟት ነበር። አንተ አላየችም?»

አላየሁም አልኳቸው።

«ወላሂ በል።»

ዝም አልኩ። እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። ሰጠኋቸው። «ኸላስ፣ በቃ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ግቢያቸው ውስጥ ባልዲ ይዘው ብረቱን ራሳቸው ሲያጥቡ ጥዬአቸው ሄድኩ።

ሲጭኑት ነክቶት ይሆናል።


ሐምሌ 25

ማንጎው ሥር ተመለስኩ። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ሰዎቹ ትንሽ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከሚያስፈልገኝ በላይ ሰፊ ቦታ። ወንደሰን ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ለእኔ አላወራም፤ ለሁሉም ነው ያወራው። «በጆሮው ሰው ያስገድላል» አለ።

የክሪኩ ብረት አጠገቤ አልነበረም። ቢኖር ምን አደርግ እንደነበር አውቃለሁ። ቡጢዬን ጨብጬ ተነሳሁ። ጋሽ ፈንታው መሃላችን ገብቶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። አላቀፈኝም በዚህ ጊዜ። ሰኔ ላይ ነግሮኝ እንደነበር አላነሳም። ባነሳው ይሻለኝ ነበር።


ሐምሌ 29

ትናንት ጣራችን ላይ ድንጋይ ሲወርድ ነበር፤ አምስት፣ ስድስት። አንዱ ቆርቆሮውን በስቶ ትዕግሥት የተማሪ ወረቀት የምታርምበት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የማን ወገን እንደሆኑ አላውቅም። የአሳምነው ዘመዶች ፍርድ ቤት እንዳትመሰክር ሊሉኝ ይሆናል። የፈየራ ወገኖችም ይሆናሉ። ሁለቱም ይችላሉ።

ገጀራ ገዛሁ። ትዕግሥት አየችው። አልጋ ሥር ሳስገባው ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። እጇን ጨምድጄ ያዝኳት። ሳላስበው ነው። አንጓዋ ላይ የጣቶቼ ምልክት ሲቀር አየሁ። «ልቀቀኝ፣ አንለይ» አለችኝ ቀስ ብላ። ለቀቅኳት።

አምባ ዘጠኝ፣ የሠፈራ መንደሩ፣ አባቴ ቤት ሄዳለች። የእሷ ቤተሰብ ሳለ የእኔ አባት ዘንድ መሄዷ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ። እንድከተላት ይሆናል። ወይም ለአባቴ ልትነግርብኝ።


ነሐሴ 3

ዛሬ ጠዋት ተመልሳ መጣች። አባቴ አብሯት ነው። ከወሎ በሠፈራ የመጣ ጊዜ ስለሞቱት ሰዎች አውርቶ አያውቅም፤ ስለ ምንም ብዙ አያወራም። አልጋ ሥር ገብቶ ገጀራውን አወጣ፣ በጋቢው ጠቀለለው። «ለአጥሬ እንጨት መቁረጫ ፈልጌ ነበር» ብሎኝ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ይህን ደብተር ስከፍት ትዕግሥት እንዳነበበችው አወቅኩ። ከመሄዷ በፊት ነው ያነበበችው። ሐምሌ 14 ላይ፣ ሳልጨርሰው የተውኩት አረፍተ ነገር ሥር በቀይ እስክሪብቶ አስምራለች። ጠርዙ ላይ፣ ለተማሪዎቿ እንደምትጽፈው፣ «ጨርሰው» ብላለች።

እጨርሰዋለሁ።

ስም አለመጠየቁ ስሙን እንደሚያውቅ ነገረኝ። ከዚያም በፊት አውቄ ነበር። ሴቶቹ ሲያወሩ አውቄ ነበር። ፈየራ መሪ ሲይዝ እጁ እንደሚዝል ሲነግረኝ አይሱዙውን አሰብኩ። በቆሎውን እየበላሁ ነው ያሰብኩት። ሐሙስ ጠዋት አፌን ስከፍት አሳምነው ቢበዛ ይሰድበዋል፣ ቢበዛ በቡጢ ይመታዋል፣ ከዚያ ሽማግሌ ገብቶ ቤቱ ይሸጣል አልኩ። ይህን ለራሴ የነገርኩት እንዳምነው አይደለም፤ እንድናገር ነው።

ሌላም አለ። ባጃጇን ሳስነሳ ፈየራ ከበሩ ወጥቶ ነበር። በመስታወቱ አየሁት። በግራው አልቻለም፤ በቀኙ፣ ጣት በጎደለው እጁ፣ የኋላውን ብረት ያዘ። ባጃጇ ስትከብድ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። አልጮኸም፤ «ደላላ» ነው ያለኝ። ስሜን አልነገርኩትም ነበር። ፍሬን ብይዝ ይገባ ነበር። ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ቤንዚኑን ሰጠኋት። ባጃጇ ቀለለች።


ነሐሴ 9

ብሪቱ መጣች። የፈየራ ሚስት ናት። ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ማንጎው ሥር ቆመች፤ ስምንታችን ተቀምጠን አንዳችንም አልተነሳንም። ቤቱን እንደምትሸጥ ተናገረች፤ ልጇን ይዛ ከዚህ አገር መውጣት ፈልጋለች። ጋሽ ፈንታው ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ከዚያ እኔን አየኝ። ሌሎቹም አዩኝ።

ወደ ጎን ወሰድኳት። ስሜን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ሆስፒታል ያደረሰው እኔ እንደነበርኩ ሰምታለች፤ ፖሊስ የጠራሁ እኔ እንደሆንኩ ሰምታለች፤ ልታመሰግነኝ አፏን ከፈተች። ያንን ልሰማ አልቻልኩም። ለአሳምነው የነገርኩት እኔ ነኝ አልኳት። አውቄ ነው አልኳት። ብረቱን ይዞ እንደነበርም ነገርኳት። ልትመታኝ ጠበቅኩ። ፈለግኩም መሰለኝ።

እሷ ግን ጠየቀችኝ።

«ሲይዝህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አሳየኝ።»

በእግራችን ሄድን። አረንጓዴው በር በፖሊስ ታሽጓል። የወረቀቱን ማኅተም በእጇ ነካችና ዞረች፤ ባጃጇ ቆማ የነበረችው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። የወደቀው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ ታች፣ ዝናቡ የቆረጠውን ቦይ አልፎ፣ በእጄ ጠቆምኩ። አብረን እንድንሄድ ፈለገች።

መራመድ ጀመረች፣ እኔም ከጎኗ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። የባምባሲ ገበያን የሚያውቅ ሰው በኦሮምኛ መቁጠር ያውቃል። በየበራቸው ላይ የነበሩ ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብን፤ መንገዱን አልለቀቀችም። ሃያ ላይ ደክማ የምትቆም መሰለኝ። ሠላሳ ላይ ድምጿ ወጣ። እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። በባጃጅ ምንም አይደለም።

አፉርተሚ ቶኮ ላይ ቆምኩ። እዚህ ነው አልኳት።

ተቀመጠች፣ ጭቃው ላይ። መዳፏን መሬቱ ላይ አሳርፋ ቆየች። ሳታየኝ ነው የተናገረችው።

«ይሄን ለፖሊስ ነግረሃል?»

አልነገርኩም አልኳት።  ስትነሳ እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም። ቀሚሷን ሳታራግፍ ወደ መናኸሪያው ሄደች።


ነሐሴ 10

ማለዳ ፖሊስ ዘንድ ልሄድ እንደሆነ ለትዕግሥት ነገርኳት። ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ሰጠችኝ፤ በአንጓዋ ላይ ያለው ምልክት ቢጫ ሆኗል። አንጓዋን ይዤ ይቅር በዪኝ አልኳት። «መጀመሪያ ሂድ» አለችኝ። እስከ ፖሊስ ጣቢያው በር አብራኝ መጥታ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ይህን የምጽፈው ውስጥ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ወደ ቤት እመለስ አልመለስ የሚወስነው ኃላፊ ገና አልገባም፤ ደብተሩን ለእሷ እሰጣታለሁ።

መርማሪው አዲስ ወረቀት አወጣ። ከሐሙሱ ጀመርኩ፤ ሴቶቹን፣ በቆሎውን፣ ስም አለመጠየቁን ሁሉ ነገርኩት። ይህ እኔንም ሊያስከስሰኝ እንደሚችል ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ገብቶኛል አልኩ። ብረቱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ይዞህ ምን ያህል ሄደ?»

«አርባ አንድ እርምጃ።»

«ቆጥረኸዋል?»

«ሚስቱ ናት የቆጠረችው» አልኩት።

ጻፈው።